የካህን ደመወዝ ከየት ይመጣል? ከሪም መሬት እስከ ሙዳየ ምጽዋት

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ጭማሪ በተደረገ ቁጥር «የቀዳሹስ ነገር?» የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ካህን ምን ጎደለው? መኪና ይቀያይር የለም ወይ!» ይላል። ሌላው «ካህናት በችግር አልቀው ቤተ ክርስቲያን እየተዘጋ ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሚያወሩት ግን ስለ ተለያዩ ሰዎች ነው።

መንግሥት የጨመረው ደመወዝ ካህናትን አይነካም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ስለሚደነግግ የካህን ደመወዝ በመንግሥት በጀት ውስጥ ቦታ የለውም። የጀርመን መንግሥት ከአባላት የቤተ ክርስቲያን ግብር ይሰበስባል፤ ግሪክ ለካህናቷ ከመንግሥት ካዝና ትከፍላለች። እዚህ ሁለቱም የሉም። የገበያው ዋጋ ግን ካህኑን ከሌላው ሰው ለይቶ አይምረውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የተወደደው ጤፍና ዘይት ለቄሱም ተወዷል። ካህኑ ከሌላው ደመወዝተኛ የሚለየው ጭማሪ የሚጠይቅበት አንድ ቀጣሪ የሌለው መሆኑ ነው። ነገሩን ለመረዳት መነሻው የካህኑ ገቢ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

መሬቱ ሲሄድ የተተካው ምንድን ነው?

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በብዙው የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ካህን የሚኖረው በመሬት እንጂ በደመወዝ አልነበረም። «ሪም» የሚባለው ከአገልግሎት ጋር ተያይዞ የሚያዝ መሬት ነው፤ ቀዳሹ በመቀደሱ፣ መሪጌታው ማኅሌት በመቆሙ፣ ዲያቆኑ በማገልገሉ ይይዘዋል። «ሰሞን» የተባለው ደግሞ ግብሩ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት መግባቱ ቀርቶ ለቤተ ክርስቲያን እንዲውል የተደረገ መሬት ነው። ሥርዓቱ እንከን አልባ ነበር ማለት አይደለም። ሪሙ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ፣ አንዳንዴም እየተሸጠ፣ ባለ ሪሙ ራሱ ሳይቀድስ በጥቂት እህል ሌላ ሰው ቀጥሮ የሚያስቀድስበት ጊዜ ብዙ ነበር። አርሶ የሚገብረው ገበሬ የተሸከመው ሸክምም የታወቀ ነው። ያም ሆኖ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ክፍያው የታሰረው ከአገልግሎቱ ጋር ነበር። ሕዝቡ በዛም አነሰ፣ በዓሉ ደመቀም ቀዘቀዘ፣ ቀዳሹ ቀለቡን ያገኝ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ያን ሁሉ በአንድ ቀን ቆረጠው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱን የከተማ ኪራይ ወሰደ። እንደ እድል ሆኖ ምትክ የሚሆን መዋቅር ከሁለት ዓመት በፊት ተዘርግቶ ነበር። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ እያንዳንዱ አጥቢያ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ እንዲያቋቁም አዝዟል። ቃለ ዓዋዲ የአጥቢያን አስተዳደርና ገንዘብ የሚመራ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ተሻሽሏል። ከአዋጁ በኋላ ካህኑን የመመገብ ሸክም የወደቀው በዚህ ሰበካ ጉባኤ ላይ ነው፤ በአባልነት መዋጮው፣ በዐሥራቱ፣ በስለቱና በሙዳየ ምጽዋቱ ላይ።

አንድ ነገር ግን በዝምታ ተለወጠ። መሬቱ ይከፍል የነበረው በአገልግሎት ልክ ነው፤ ሙዳዩ የሚከፍለው በሕዝብ ብዛት ልክ ነው። ጸበሉ የተሰማለት፣ ንግሡ የሚደምቅለት፣ መንገድ ዳር ያለ ደብር ይጠግባል። ከአስፋልት የራቀው፣ ምእመኑ ገበሬ የሆነው አጥቢያ ደግሞ ያንኑ ቅዳሴ እየቀደሰ ይራባል። ዛሬ «የካህናት ችግር» የሚባለው አብዛኛው ነገር የሚመነጨው ከዚህ ለውጥ ነው።

የአንድ ገጠር አጥቢያ ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ አጥቢያ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል።

አንድ ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው አይቀደስም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። አንዱ ቢታመም ወይም ለቅሶ ቢሄድ ቅዳሴው እንዳይታጎል ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቄስ መኖር አለበት። ስለዚህ አነስተኛው የሰው ኃይል አንድ አስተዳዳሪ፣ ሦስት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት፣ አንድ መሪጌታና አንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው፤ ዘጠኝ ሰው።

አጥቢያው 250 አባወራ አለው እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ብር መዋጮ ቢመደብበት በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። ሁሉም አይከፍልም፤ ከመቶ ስድሳው ከከፈለ 36,000 ብር ይገባል። ከዚህ ላይ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነትና ወደ ሀገረ ስብከት የሚላከው ፈሰስ ይነሣል። በአዲስ አበባ አድባራት ዘንድ «ሃያ በመቶ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ስለሆነ እዚህም በሃያ ብናሰላው 28,800 ብር ይቀራል። ከዚያ ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብና ስንዴ፣ ዕጣን፣ ጧፍና የመብራት ዘይት አለ፤ 9,000 ብር እንመድብለት። የተረፈው 19,800 ብር ነው። ለዘጠኝ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ በዓመት 2,200 ብር፣ በወር 183 ብር ይደርሰዋል።

ታዲያ ቄሱ በምን ይኖራል? ያርሳል። ንብ ያነባል፣ ከብት ያረባል፣ አንዳንዱ ሸማ ይሠራል። እርሻውና አገልግሎቱ ግን ይጋጫሉ። ሰሞነኛ የሆነ ካህን፣ ማለትም የሳምንቱ ተረኛ ቀዳሽ፣ ራሱን ለመቅደስ ጠብቆ፣ ከቅዳሴው በፊት 18 ሰዓት ጾሞ ይቀድሳል። ሰዓታቱ የሚቆመው ሌሊት ነው። በጾመ ፍልሰታና በዐቢይ ጾም ቅዳሴው የየዕለት ነው። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ነው፤ አረሙ የሚያንቅበት ወር። በአረም ወቅት ሁለት ሳምንት ከማሳው የተለየ ገበሬ በጥር የሚያፍሰው እህል እንደ ጎረቤቱ አይሆንም። ሒሳቡ ውስጥ የማይታየው ወጪ ይሄ ነው፤ የገጠሩ ቄስ ለቤተ ክርስቲያኑ ድጎማ የሚከፍለው ከራሱ ጎተራ ነው።

የነህምያ መጽሐፍ በምዕራፍ 13 የሚተርከውም ይህንኑ ነው። የሌዋውያኑ ድርሻ ሳይሰጥ ስለቀረ ሌዋውያንና መዘምራን እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄዱ። ነህምያ የወቀሰው ግን የሸሹትን ሌዋውያን ሳይሆን ሹሞቹን ነው፤ «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» ብሎ። ከወቀሳው በኋላ ያደረገውም ልብ ይባል፦ ሌዋውያኑን ሰብስቦ በየቦታቸው አቆመ፣ ዐሥራቱ እንዲገባ አደረገ፣ በዕቃ ቤቱ ላይም የታመኑ አከፋፋዮች ሾመ። ከመፍትሔው ግማሹ የሒሳብ አያያዝ ነበር።

ከተማው ገንዘብ አለው፤ ደረጃ የለውም

በከተማ ትልልቅ አድባራት ታሪኩ ሌላ ነው። ገቢው ሙዳየ ምጽዋት ብቻ አይደለም፤ የሱቅና የሕንፃ ኪራይ፣ የመቃብር ቦታ፣ የስለት ዕቃ ሽያጭ፣ በንግሥ ቀን በጃንጥላ የሚሰበሰበው ሁሉ አለ። እዚህ ካህኑ ወርኃዊ ደመወዝ ያገኛል፣ የደመወዝ ሉህ ላይ ይፈርማል። ግን ሁለት ደብር ተጎራብተው፣ ያንኑ ሥራ ለሚሠራ ሰው የሚከፍሉት ደመወዝ በእጥፍ ሊለያይ ይችላል፤ ምክንያቱም ከፋዩ ደብሩ ራሱ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለማንም ግልጽ ነው። ሀብታም ደብር መመደብ ራሱ ሀብት ይሆናል። ቅጥርና ዝውውር የሚፈለግ ዕቃ ሲሆን ደላላና እጅ መንሻ አብሮ ይመጣል። የቅዱስ ሲኖዶስ መግለጫዎች ብልሹ አሠራርን በየጊዜው የሚያነሡት ያለ ነገር አይደለም። ደብሩ ገቢው ሲያድግ የነባሮቹን ደመወዝ ከማሳደግ ይልቅ ሠራተኛ ይጨምራል፤ አዲስ አለቃ ሲመጣ የሚያውቃቸውን ያስገባል፣ ቀድሞ የገባው አይወጣም፣ እንጀራው እየሳሳ ይሄዳል። በዚህ ላይ ሰው ስለተረፈ የሰሞን ተራው ይረዝማል። የከተማው ቄስ ከወሩ አንድ ሳምንት ብቻ ተረኛ ሊሆን ሲችል የገጠሩ ዓመቱን ሙሉ ተረኛ ነው። ክፍያውን በተቀደሰ ቅዳሴ ቁጥር ብናካፍለው ልዩነቱ ከደመወዝ ሉሁ ላይ ከሚታየው በጣም ይሰፋል።

ሌላም አለ። ምእመናን ለሕንፃ ይሰጣሉ። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ጉልላት ሊተከል ነው ሲባል፣ ብረትና ሲሚንቶ በመኪና ይመጣል። ለቀዳሹ ደመወዝ ተብሎ የሚደረግ ጉባኤ ግን ብዙ አይታይም። ምክንያቱ ክፋት አይመስለኝም። ጉልላት ይታያል፣ የሰጪው ስም ይነበብበታል፤ ደመወዝ በወር ተበልቶ ያልቃል። ውጤቱ ግን ቀዳሽ የሌለው የሚያምር ሕንፃ ነው፤ ይህም በጠረፍ አካባቢ ብቻ የሚታይ መሆኑ ቀርቷል።

መኪና ስለሚቀያይሩት የሚነሣው ወሬ ደግሞ በአብዛኛው ቀዳሾችን አይመለከትም። በየጉባኤው እየተጋበዙ በ«ትራንስፖርት» ስም የሚከፈላቸው ጥቂት ሰባክያንና ዘማርያን አሉ፤ የአስተዳደር ወንበር ላይ ያሉ ጥቂቶችም አሉ። ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ ተምሮ ያስመሰከረ መሪጌታ፣ ለዓመታት በጋይንት ቤተልሔም የተማረ ሰው፣ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ሰው በዐደባባይ የሚያየውን ይዞ በመቅደስ ላለው መፍረዱ የዚህ ክርክር ትልቁ ስሕተት ነው።

ክብር ስንል ምን ማለታችን ነው?

«በመልካም የሚያስተዳድሩ ሽማግሌዎች፥ ይልቁንም በመስበክና በማስተማር የሚደክሙት፥ እጥፍ ክብር ይገባቸዋል» የሚለው የ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥17 ቃል ብዙ ጊዜ ለሰላምታና ለመቀመጫ ይጠቀሳል። በግሪኩ «ክብር» የተባለው «ቲሜ» ነው፤ ቃሉ ክብርም ዋጋም ማለት ነው። በማቴዎስ 27፥6 «የደም ዋጋ» የተባለውም ይኸው ቃል ነው። ጳውሎስም አሻሚ አድርጎ አልተወውም፤ ቀጥሎ የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር የሚለውንና ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል የሚለውን ያመጣል። ክብሩና ደመወዙ በአንድ ቃል ውስጥ ናቸው።

በእኛ ዘንድ ሁለቱ ተለያይተዋል። መስቀል መሳለም፣ «አባታችን» ማለት፣ ከወንበር መነሣት አልቀረም። በደመወዝ ፈንታ የማዕረግ ስም የሚሰጥበት ጊዜም አለ፤ መልአከ ሰላም፣ ሊቀ ኅሩያን፣ መጋቤ ምስጢር። ስሙ ወጪ ስለሌለው ይበዛል።

ክብር የሚፈተነው በአሠራር ነው። አንድ አገልጋይ ሲከሰስ ክሱ በጽሑፍ ይሰጠዋል ወይ? መልስ እንዲሰጥ ቀን ይቀጠርለታል ወይ? ብዙ አገልጋዮች የሚኖሩት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባለ ቤት ነው፤ ስለዚህ ከሥራ መታገድ ማለት በዚያው ሳምንት ቤት አልባ መሆን ሊሆን ይችላል። ካህኑ ሲሞት ደግሞ ባለቤቱና ልጆቹ ቤቱን ለተተኪው ይለቃሉ። የቀብሩ ዕለት ሽብሸባውና ቅኔው የሚያምር ይሆናል፤ ለመበለቲቱ ከወር በኋላ የሚከፈል ነገር ግን የለም።

ደመወዝ ሲጠፋ ክብርም የሚጠፋበት ሌላ መንገድ አለ። ቀለቡ በተዝካር፣ በፍትሐትና በንስሐ ልጆቹ ስጦታ ላይ የተንጠለጠለ ካህን የሚመግበውን ሰው መገሠጽ ይከብደዋል። ባለጸጋው የንስሐ ልጅ ጠበል ጸዲቅ ሲደግስ ይጎበኛል፤ ድሀዋ ባልቴት ግን «አባቴ መጥተው አያውቁም» ትላለች። ያን ጊዜ ሰው «ሆዳም» ብሎ ይስቃል። አንዳንዱ ካህን በእርግጥም ሰስቶ ይሆናል። ያለ ደመወዝ አስቀምጦ ከድግስ እንዳይደርስ መጠበቅ ግን ለሁሉም ቅድስና መመኘት ነው።

«በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ»

ቋሚ ደመወዝን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት ነጥብ ቀላል አይደለም። ክህነት ጸጋ ነው እንጂ ሙያ አይደለም ይላሉ። ጌታ በማቴዎስ 10፥8 በከንቱ ስጡ ብሏል፤ ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 18 እንደተጻፈው ድንኳን እየሰፋ አገልግሏል። ደመወዝ ሲገባ «ሰዓቴ ሞልቷል» የሚል ካህን ይመጣል የሚል ስጋትም አለ፤ እሱም ባዶ ስጋት አይደለም።

ይሁን እንጂ ያው ምዕራፍ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» ይላል። ጳውሎስም ድንኳን የሰፋው መብቱን በፈቃዱ ትቶ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ እንደ ደነገገ ጽፎ ካበቃ በኋላ ነው «እኔ ግን አልተጠቀምሁበትም» ያለው። መብትን ራስ ሲተወው ትሩፋት ነው፤ ሌላው ሲነጥቀው ግን ሌላ ስም አለው። በከንቱ መሰጠት ያለበት ጥምቀቱና ቁርባኑ ነው። እንዲያውም በቂ ደመወዝ ያለው ካህን ነው ለክርስትናና ለፍትሐት እጅ ሳያይ በከንቱ መስጠት የሚችለው።

ሕጉ የት ድረስ ይደርሳል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሃይማኖት ድርጅቶች የሚመሠርቱትን የሥራ ግንኙነት በደንብ ከአዋጁ ውጭ ሊያደርግ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ቀዳሹ ወይም ሰባኪው «ያለ አግባብ ተሰናበትኩ» ብሎ ሲከስ ክርክሩ የሚጀምረው ከጭብጡ በፊት፣ ሥራው መንፈሳዊ ነው አይደለም ከሚለው ላይ ነው። የደብሩ ዘበኛ፣ ሹፌርና ሒሳብ ሠራተኛ በዚህ ረገድ የተሻለ መከራከሪያ አላቸው። በአገሪቱ ለሁሉም የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስላልተወሰነም «ከዚህ በታች አይከፈልም» የሚባል መነሻ የለም። ካህኑን የሚጠብቀው እንግዲህ በጽሑፍ የሰፈረ የቅጥር ደብዳቤና የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ደንብ ነው። የቅጥር ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ የቤት ሁኔታውን፣ ከመታገድ በፊት የሚደረገውን ማስጠንቀቂያ ካልጻፈ ነገ በቃል የሚረጋገጥ ነገር አይኖርም።

ጡረታ ላይ ግን በር አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ከ715/2003 ጀምሮ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በፈቃዳቸው እንዲሸፈኑ ፈቅዷል። መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። 6,000 ብር ለሚከፈለው አገልጋይ ከራሱ 420፣ ከደብሩ 660፣ በድምሩ በወር 1,080 ብር ይገባለታል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው የሚከፈለው አበል ከአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይጀምራል፤ ሲሞትም ለባለቤቱና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ይተላለፋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ደብሩ 7 በመቶውን ከደመወዝ ይቆርጥና የራሱን 11 ጨምሮ ሳያስገባ ይቆያል፤ አገልጋዩ የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ደመወዙ ዝቅ ተደርጎ ይመዘገብና ቀሪው «አበል» ይባላል፤ አበሉ ለጡረታ አይታሰብም።

ወንጌላውያን ዘንድ ያለው

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪካቸው ከመሬት ጋር ስላልተያያዘ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው፤ ጫፉ ግን ይገናኛል። ፓስተሩን ወይም ወንጌላዊውን የሚከፍለው በአብዛኛው አጥቢያው ከዐሥራትና ከመባ ነው። መጠኑን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ናቸው። በደቡብና በምዕራብ ገጠር ያለው ወንጌላዊ እንደ ኦርቶዶክሱ ቄስ እርሻውን ይዞ ያገለግላል። የተለየው ችግር «የፍቅር ስጦታ» የሚባለው ነው። ስጦታው ደረሰኝ የለውም፣ የሚጎርፈውም ወደ ጎበዝ ተናጋሪው ወይም «ነቢይ» ወደተባለው ነው። ሐዘንተኛ የሚያጽናናው፣ በሽተኛ የሚጠይቀው፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቀው ጸጥተኛ አገልጋይ ድርሻ የለውም። እምነት ሀብትና ጤና ያስገኛል ስለሚለው «ብልጽግና ወንጌል» የሚደረገው ክርክር ሥነ መለኮታዊ ቢሆንም አንዱ ሥሩ የክፍያ ሥርዓት አለመኖር ነው።

በአሜሪካ፦ ዶላሩ እያለ የሚፈጠር ችግር

በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ገንዘቡ ይሻላል፤ ስሕተቱ ግን የሚያስከፍለው ብዙ ነው። ካህናት የሚመጡበት አር-1 የተባለው የሃይማኖት ሠራተኛ ቪዛ መጀመሪያ እስከ 30 ወር፣ በድምሩ ከአምስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ይሰጣል፤ ካህኑ በሳምንት በአማካይ ቢያንስ 20 ሰዓት መሥራት አለበት። ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ለመዛወር አዲሱ ቀጣሪ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑን ከሚያስተዳድረው ቦርድ ጋር የተጋጨ ካህን ሥራውን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሆዛና-ታቦር ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ የመንፈሳዊ አገልጋይን መቅጠርና ማሰናበት በተመለከተ የአድልዎ ክስ እንደማይቀርብ ስላጸና፣ እዚያም ቢሆን የሚያድነው በጽሑፍ ያለ ውልና የቤተ ክርስቲያኑ መተዳደሪያ ደንብ ነው።

ታክሱ ደግሞ ወጥመድ አለው። የአሜሪካ ሕግ ካህንን ለገቢ ግብር እንደ ተቀጣሪ፣ ለማኅበራዊ ዋስትና ግን እንደ ግል ሠራተኛ ይቆጥረዋል። ማለትም ሌላ ተቀጣሪ ከአሠሪው ጋር እኩል የሚጋራውን 15.3 በመቶ ካህኑ ብቻውን ይከፍላል። 24,000 ዶላር ደመወዝና 12,000 ዶላር የቤት አበል ያለው ካህን በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ይመጣበታል፤ ቤተ ክርስቲያኑ አስቀድሞ ስለማይቀንስለትም ሚያዝያ ላይ በድንገት ይደርሰዋል። የቤት አበሉ ከገቢ ግብር ነጻ የሚሆነው ቦርዱ ዓመቱ ወይም ክፍያው ከመጀመሩ በፊት በቃለ ጉባኤ ከወሰነው ነው፤ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም። ከማኅበራዊ ዋስትናው ግን ነጻ አያወጣውም። አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ባለመጻፉ ብቻ ካህኑ በየዓመቱ ያለ ምክንያት ይከፍላል።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ብዙዎች የሚሰጡት መልስ የገቢው ማእከላዊነት ነው፤ የከተማው ትርፍ ለገጠሩ ይድረስ የሚል። አቅጣጫው ልክ ነው፣ ሒሳቡ ግን በአግባቡ ይታይ። ቀደም ያለው ገጠር አጥቢያ ለዘጠኙ ሰዎች በወር 2,000 ብር እንኳ ልክፈል ቢል በዓመት 216,000 ብር ያስፈልገዋል፤ ያለው 19,800 ስለሆነ 196,200 ይጎድለዋል። መቶ የከተማ አድባራት እያንዳንዳቸው በወር 30,000 ብር ቢያዋጡ በዓመት 36 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህ የሚሸፍነው 183 አጥቢያዎችን ነው። በገጠር ያሉት አጥቢያዎች የሚቆጠሩት ግን በአሥር ሺዎች ነው። ስለዚህ ፈንዱ ለሁሉም አይደርስም፤ ሊዘጉ ለተቃረቡትና ለጠረፉ ቅድሚያ መስጠት ግድ ነው።

ቀሪው ከአጥቢያው ራሱ መምጣት አለበት። በወር 20 ብር የነበረው መዋጮ ዋጋው ሁሉ ሲንር እዚያው ቆሟል። ወደ 60 ቢያድግ፣ ከመቶ ስድሳው ብቻ ቢከፍል እንኳ 108,000 ብር ይሰበሰባል። በመኸር ወቅት በቁና የሚሰጥ እህል ከብር የተሻለ የሚሆንበት ቦታም አለ፤ ገበሬ እህል እንጂ ጥሬ ገንዘብ በእጁ የለውምና፣ እህልም ዋጋ ሲንር አብሮ ይንራል። ሰው የሚሰጠው ግን ያየውን ሲያምን ነው። መዋጮ ከመጨመር በፊት የዓመቱ ገቢና ወጪ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መለጠፉ፣ ሙዳዩ ሦስት ቁልፍ ይዞ ሦስት ሰው በተገኘበት መከፈቱ፣ ክርስትናና ፍትሐት ላይ የሚሰጠው በደረሰኝ መግባቱ ይቀድማል።

ከተማው ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገንዘብ ሳይሆን ደረጃ ነው። በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ ለአንድ መደብ አንድ መነሻ ደመወዝ፣ በላዩም ትምህርትን የሚቆጥር እርከን ይኑር፤ ድጓ፣ ቅኔ፣ አቋቋም፣ ትርጓሜ ያስመሰከረ እንደ ዲግሪው ይታሰብለት። ክፍያው ከሀገረ ስብከት ቢመጣ ሀብታም ደብር የመመደብ ጉጉት ይቀዘቅዛል። የሚቃወመውም ይታወቃል፤ ዛሬ በሀብታም ደብር ያለው አለቃና ሰበካ ጉባኤ። ክርክራቸው «ምእመኑ የሰጠው ለዚህ ታቦት ነው» የሚል ነው። መልስ የሚያስፈልገው ክርክር ነው፤ ስለዚህም ለውጡ ከነባሮቹ ደመወዝ ሳይቀንስ፣ በአዲስ ቅጥርና በአዲስ ገቢ ላይ ቢጀመር ይሻላል። አጀንዳው የሚቀርብበት ቦታም የታወቀ ነው፤ በየዓመቱ በጥቅምት የሚደረገው አጠቃላይ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ፣ እሱን የሚከተለው የጥቅምት 12ቱ የሲኖዶስ ጉባኤና ከትንሣኤ በኋላ የሚደረገው የሲኖዶስ ጉባኤ፣ ርክበ ካህናት።

አንድ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ከላይ ባወጣነው የዘጠኝ ሰው ሒሳብ ውስጥ የኔታ የሉም። የአብነት መምህሩ እንደ ዙር አምባና ዋሸራ ባሉ የታወቁ ጉባኤ ቤቶች ይሁን፣ ወይም ስሙ በማይታወቅ አጥቢያ ዛፍ ሥር፣ በአብዛኛው በየትኛውም ደብር የደመወዝ ሉህ ላይ አይገኙም። ማኅበረ ቅዱሳንን የመሳሰሉ ማኅበራት ለአንዳንድ ጉባኤ ቤቶች ድጎማ ይልካሉ፤ ቀሪው በተማሪ ቁራሽና በተማሪ ጉልበት የሚኖር ነው። ተማሪው ለምኖ ያመጣውን ይካፈላሉ፤ ተማሪው መሬታቸውን ያርሳል፣ ውኃ ይቀዳል። ቁራሹ ሲሳሳ ተማሪው ይበተናል፤ አንዱ ወደ ከተማ፣ አንዱ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት። ለቅዳሴው የሚያስፈልገው አምስተኛው ሰው፣ ማለትም ሦስተኛው ዲያቆን፣ የሚታጣው ከዚያ በኋላ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት ነው።